ሺህ ሰማይ፣ አንድ ኩባያ

«ይቺን ኩባያ እዚህ ያስቀመጠ አህያ ማን እንደሆነ ባውቅ፣ ወላሂ ቤቱ ድረስ ሄጄ በጆሮው ጎትቼ አስነሣው ነበር።» ሃይደር ይህን ያለው ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ተኩል ላይ፣ የመኝታ ቤቱን በር ዘግቶ፣ ቪዲዮ ለሚቀርጸው ስልኩ ነው። ግድግዳው ግን የሰሚት ኮንዶሚኒየም ግድግዳ ነው፤ ጎረቤት ሲያስነጥስ ከዚህ ወዲህ ሆኖ «ይማርህ» የሚያስብል። እህቱ ፈትያ ኮሪደሩ ላይ ጎንበስ ብላ የጫማዋን ማሰሪያ ስታስር ቃል በቃል ሰማችው፤ እጇም ማሰሪያው ላይ ቀረ። በዚያው ደቂቃ እናታቸው ሐሚዳ፣ የልጇን ስድብ ሳትሰማ፣ ጠርዙ ሰማያዊ የሆነ የብረት ኩባያ አጥባና አድርቃ የሳሎኑ መስኮት ደፍ ላይ በአፉ ደፍታ አስቀመጠችው። ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ጠዋት ጠዋት የምታደርገው ነገር ነው፤ ከሰላት ቀጥሎ፣ ከቁርስ በፊት።

ኩባያው የባሏ የሰይድ ነው። ሰይድ ከጅቡቲ ጭነት የሚያመላልስ የከባድ መኪና ሹፌር ነበር። ሐሚዳ ከእናቷ የያዘችው ልማድ አላት፤ የቤቱ ሰው መንገድ ሲወጣ ኩባያው ቁም ሳጥን አይገባም። ታጥቦ፣ አቧራ እንዳይገባበት በአፉ ተደፍቶ፣ መስኮት ላይ ሆኖ ይጠብቃል። የሚነሣው መንገደኛው በበሩ ሲገባ ነው፤ ያኔ ሻይ ይቀዳበታል። ሰይድ የዛሬ ዘጠኝ ዓመት ወጣ። መኪናው ከመንገድ ወጥታ ተገኘች፣ እሱ አልተገኘም። አንድ ዓመት ሲሞላ ጎረቤቱ ተሰብስቦ ዱዓ ይደረግለት፣ ሰደቃ ይውጣለት ቢላት፣ ሐሚዳ ለመንገደኛ ሰደቃ አይወጣም ብላ ሁሉንም በመጡበት መለሰቻቸው። ከዚያ ወዲህ ስለ ሰይድ በዚያ ቤት አይወራም። የሚወራው በኩባያው ነው፤ ያለ ድምፅ።

ሃይደር የሚሳደብባት ኩባያ ሌላ ናት፤ ሰማይ ላይ ያለች። «ሺህ ሰማይ» የሚሉት ጌም ውስጥ። ይህ ጌም ከመውጣቱ በፊት ሁለት ዓመት ሙሉ ሃይደር በቻናሉ ሰብኮለታል፣ ስብከት ነው የምለው ሌላ ቃል የለውም። ሺህ ፕላኔት አለው፣ ሁሉም ላይ ትወርዳለህ፣ ሁሉም ላይ ሌላ ሕይወት ታገኛለህ ሲል የሰፈሩን ጎረምሳ ሁሉ አስጎምጅቷል። ራሱም ወሎ ሰፈር ስልክ ሲጠግን ካገኘው ላይ እየቀነሰ ማሽኑን ገዛ፣ ከአሥር ሺህ ብር በላይ አውጥቶ ጌሙን አስመጣ። መጣለት። ድንቄም ሺህ ሰማይ። መንኩራኩሩን እንደ ልብህ አትነዳውም፤ ልትወርድ ስትል ስክሪኑ ይጠቁርና ቆመህ ትጠብቃለህ። ስትወርድ ድንጋይ ነው። ድንጋዩን አልፈህ ግማሽ ሰዓት በእግርህ ስትኳትን አንድ የተተወ ቤት ታገኛለህ። ሌላው ፕላኔት ላይም ድንጋይ፣ ግማሽ ሰዓት፣ ያው ቤት። ያው ዝቅ ያለ መደብ፣ ግድግዳው ላይ ያው የዛገ ሚስማር፣ መስኮቱ ላይ ያቺው በአፏ የተደፋች ኩባያ። አንድ የውጭ ሰው በቪዲዮ እየቆጠራት አራት መቶ አሥራ ሁለት ደርሶ ዓለም በሳቅ ፈርሷል። ላም አለኝ በሰማይ ማለት ይኸው ነው፤ ወተቷ ቀርቶ ቆዳዋንም አላዩ። ሃይደር ተናደደ፤ እውነት ለመናገር ቢናደድ አይፈረድበትም።

ፈትያን ያንገበገባት ስድቡ አልነበረም። ክፍሉን የሠራችው እሷ ናት፤ ኩባያዋንም ያስቀመጠችው እሷ። ያቺ ክፍል ወሎ ሰፈር የነበረው የቀበሌ ቤታቸው ናት፣ ሃይደር ተወልዶ ያደገባት። አርባ ጊዜ ገብቶባት ወጣ። ግድግዳው ብረት ስለለበሰ፣ በመስኮቱ በኩል የወሎ ሰፈር ጋራዥ ሳይሆን ቀይ በረሃ ስለሚታይ፣ የገዛ ቤቱን አላወቃትም። ይህን ልትነግረውም አትችልም። ቢሮዋ የማንን ጌም እንደሚሠሩ ለእናት እንኳ እንዳይናገሩ ሁሉንም አስፈርሟል። እቤት የሚያውቁት ቦሌ ኮምፒውተር ላይ ሥዕል እንደምትሥል ብቻ ነው። «ደህና ዋሉ» ብላ ወጣች።

የሰሚት ታክሲ ሰልፍ ሁለት ጊዜ ተጠምዝዞ ከሱፐርማርኬቱ በር ደርሷል። ፈትያ አርባ ደቂቃ ቆማ፣ ሠላሳ ብር ከፍላ፣ ከኋላ መቀመጫ ለአራት ተጣብቃ ተቀመጠች። ጌሙ እንዴት እንደተበላሸ ከሃይደር ይልቅ እሷ ታውቃለች። መጀመሪያ የታዘዙት ሦስት መቶ ክፍል ነበር፤ ሦስት መቶ ዓይነት፣ እያንዳንዱ የራሱ ታሪክ ያለው። ቦሌ፣ አራተኛ ፎቅ ላይ፣ አሥራ ዘጠኝ ሆነው ጀመሩት። ከዚያ ፈረንጆቹ የመውጫውን ቀን ወደፊት ሳቡት፣ ክፍያውንም ቆረጡት። የቢሮው ባለቤት አቶ በዳሳ ሰኞ ጠዋት እንደ ልማዱ ሁሉንም አቁሞ ከጸለየ በኋላ መፍትሔውን ተናገረ፤ አንድ ጥሩ ክፍል ይበቃል፣ ቀለሙን እየቀያየራችሁ በትኑት፣ ሰማይ ሰፊ ነው፣ ማን ይቆጥረዋል። የዚያን ሳምንት ደግሞ ወሎ ሰፈር የነበረው ቤታቸው በግሬደር እየፈረሰ ነበር። ፈትያ ቀን ቀን ፍራሽና ድስት ታጓጉዛለች፣ ቢሮ ስትገባ ያችኑ ክፍል ከአእምሮዋ እያወጣች ትሠራለች፤ የመደቡን ቁመት፣ አባቷ የሙስበሃ መቁጠሪያውን የሚሰቅልበትን ሚስማር። ጨርሳ ስታየው መስኮቱ ባዶ ሆነባት። የተተወ ቤት ነው ተብሏል፣ ሰዎቹ ሄደዋል። የሄደ ሰው ካለ ደግሞ ኩባያው የት ሄደ? ደፍታ አስቀመጠችው። ሌላ ቤት ያደገ ሰው ይህን አያደርግም ነበር። እስከዚያ ከተሠሩት መሃል ምርጧ ክፍል ተብላ የተባዛችውም እሷው ሆነች።

ቢሮ ስትደርስ አቶ በዳሳ «ፈትያዬ» ብሎ ጠራት። ፈትያዬ ሲል ነገር አለ። ክፍሉ ውስጥ የስድስት መቶ ብር ሽቶ ይሸታል፤ ጠረጴዛው ላይ አንድ ወረቀት ተዘጋጅቶ ተቀምጧል። ፈረንጆቹ ነገ ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ በስክሪን ስብሰባ ይፈልጋሉ፣ በዓለም ፊት መሳቂያ ያደረጋቸው ማን እንደሆነ ስም ይፈልጋሉ። ስም ካገኙ ሁለተኛውን ሥራ ይሰጣሉ፤ ካላገኙ አሥራ ዘጠኙም ሰው ሜዳ ላይ ይወድቃል። ወረቀቱ ላይ «ኩባያውን ያለ ፈቃድ ያስገባሁት፣ ክፍሉንም ያለ ትእዛዝ ያባዛሁት እኔ ነኝ» ይላል። ከሥር የእሷ ስም በእንግሊዝኛም በአማርኛም ተጽፏል፣ የጎደለው ፊርማ ብቻ ነው።

«ኩባያውን እኔ ነኝ ያስቀመጥኩት» አለች ፈትያ። «ያባዙት ግን እርስዎ ነዎት። እዚህ ቆመው፣ ሰኞ ዕለት።»

በዳሳ አልተቆጣም። ለስለስ ብሎ፣ እዚህ ቤት ቤተሰብ እንደሆኑ፣ በቤተሰብ መሃል ማን ምን አለ ተብሎ እንደማይቆጠር፣ ለሌላ ቢሮ የሚሆን ግሩም የድጋፍ ደብዳቤ እንደሚጽፍላት፣ ጌታም በር እንደሚከፍትላት አስረዳት። እስከ ነገ ጠዋት አስቢበት ብሎ ወረቀቱን በእጇ ሰጣት። ቤተሰብ የምትለዋን ቃል የሚወዷት ሁልጊዜ ሊበሉሽ ሲሉ ነው። ፈትያ ወረቀቱን ለሁለት አጥፋ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችና ወደ ወንበሯ ተመለሰች። አሥራ ሰባት ራስ ስክሪን ላይ ተተክሎ ቀረ። ነገሩን ሁሉም ያውቃል፤ ሁሉም የቤት ኪራይ አለበት። ሲያልፉ እንኳ ጠረጴዛዋን ዞረው ነበር የሚያልፉት።

አሥራ ስምንተኛዋ ሮሃ ነበረች፣ የቡድን መሪዋ፣ በዳሳ የሚያምናት ሰው። ከሰዓት በኋላ ፈትያ እጇን ስትታጠብ ሮሃ ተከትላት ገባች፣ በሩን በጀርባዋ ደገፈችው፣ ስልኳን አወጣች። በዳሳ ያን ሰኞ በቃል የተናገረውን ማታውን በቡድኑ መልእክት ላይ በጽሑፍ ደግሞት ነበር፤ በኋላ አጠፋው፣ ሮሃ ግን ሳያጠፋው ፎቶ አንስታ ይዛለች። ነገ ሦስት ሰዓት ላይ ፈረንጆቹ ስክሪኑ ላይ ሲቀርቡ እዚያው አሳያቸዋለሁ አለች፣ እኔም ልጅ አለኝ፣ ዛሬ አንቺን ከሸጠ ነገ እኔን ነው። አንድ ነገር ብቻ ለመነቻት። «እስከ ነገ ጠዋት ለማንም ትንፍሽ እንዳትዪ፣ እቤትም ቢሆን። ወሬው ውጭ ከወጣ ምስጢር አወጣች ይሉሻል፤ ከዚያ በኋላ የኔንም ማስረጃ ማንም አያየውም።»

አንድ ሌሊት። አፍን አንድ ሌሊት መዝጋት ምን አለበት። ፈትያ ከቢሮ ስትወጣ ልቧ ቀለል ብሎላት እስከ ወሎ ሰፈር በእግሯ ወረደች። ቤታቸው የነበረበት ቦታ በአረንጓዴ ቆርቆሮ ታጥሮ፣ ከውስጥ የሚታየው የኮንክሪት ምሰሶ ብቻ ነው። የጥበቃው ሰው ምን ፈልገሽ ነው አላት። ምንም አለችው። ያደጉባት ክፍል በምድር ላይ የለችም፤ ያለችው ሰማይ ላይ ነው፣ አራት መቶ አሥራ ሁለት ቦታ፣ እየተሳቀባት። ለእናቷ ግማሽ ኪሎ ቴምር ገዝታ ወደ ሰሚት ታክሲ ተሳፈረች።

እቤት ስትደርስ መግሪብ ተሰግዷል። ሃይደር ማሽኑን ከመኝታ ቤቱ አውጥቶ ሳሎን ካለው ትልቁ ቴሌቪዥን ጋር ሰክቶታል። ዛሬ ማታ ላይቭ ነው፤ «ሺህ ሰማይን እንቀብራለን» ብሎ ለተከታዮቹ አስተዋውቋል። ማይኩን አፉ ላይ አድርጎ፣ ስልኩን ፊቱ ላይ አቁሞ፣ ሶፋው ጫፍ ላይ ተቀምጧል። ፈትያ ከእናቷ አጠገብ የሶፋው መደገፊያ ላይ ተቀመጠች። ሐሚዳ ሽንኩርት እየላጠች ነበር፤ የልጇን ስክሪን ቀና ብላ አይታው አታውቅም፣ የሰይጣን ጨዋታ ነው የምትለው። ሃይደር በመንኩራኩሩ ወረደ፣ ስክሪኑ ጠቆረ፣ ጠበቀ፣ ተሳደበ፣ ድንጋዩን አለፈ። በሩን ከፈተ። ተመልካቾቹ የሳቅ ምልክት እንደ ዝናብ ያወርዱት ጀመር። እሱም ካሜራውን ወደ መስኮቱ አዞረና፣ ይኸው የኛ እመቤት፣ በአፏ ተደፍታ የምትጠብቀን፣ ቂጧን ለሰማይ የሰጠች አለ። ሐሚዳ ሳቁን ሰምታ ቀና አለች።

ቢላዋው እጇ ላይ ቆመ። መደቡን አየች። ሚስማሩን አየች። ከዚያ አንገቷን አዙራ የገዛ ሳሎኗን መስኮት አየች፣ እንደገና ቴሌቪዥኑን። አንድ ጊዜ ብቻ ነው ያየችው፤ አርባ ጊዜ አላስፈለጋትም።

«ሃይደር፣ ይሄ ወሎ ሰፈር የነበረው ቤታችን አይደለም እንዴ?» አለች። «ኩባያው ያባትህ ነው።»

ድምፅዋ በማይኩ ገባ። ሃይደር ሊስቅ አፉን ከፈተ፣ ከዚያ ቴሌቪዥኑን አየና ዘጋው። ቀስ ብሎ ወደ እህቱ ዞረ። ፈትያ ፊቷን የምትደብቅበት ቦታ አላገኘችም። ቦሌ፣ ኮምፒውተር፣ ሥዕል፤ ሁሉም በአንድ ጊዜ ገባው። ማይኩን በእጁ አፍኖ «አንቺ ነሽ?» አላት።

ፈትያ አልዋሸችም። ተንበርክካ በጆሮው ነገረችው፤ ሥራዋ በዚህ እንደሚሄድ፣ የሚተርፋት እስከ ነገ ጠዋት ዝም ከተባለ ብቻ እንደሆነ፣ ከነገ በኋላ የፈለገውን ሊል እንደሚችል። «ሃይደር፣ በአባታችን፣ አጥፋው» አለችው። በሕይወቷ ለምናው አታውቅም፤ የትምህርት ቤቱን የከፈለችለት እሷ ናት። ሃይደር ሰማት። ሰምቶ ስልኩን አየ። ሰባት መቶ የነበረው ተመልካች ሁለት ሺህ አልፏል፤ «ማነች? ማነች?» እያለ ይጎርፋል። ከዚህ በፊት ሁለት ሺህ ሰው ስሙን ጠርቶት አያውቅም። ፈትያ ዓይኑን እያየችው ነበር፣ እያሰበም እንደሆነ አይታለች። አስቦ ነው እጁን ከማይኩ ላይ ያነሣው።

ወገን፣ የፈለግናት አህያ እቤቴ ናት አለ። እህቴ ናት። ቦሌ አራተኛ ፎቅ ላይ ነው የተሠራው፣ ኩባያውም ይኸው፣ ብሎ ስልኩን ወደ መስኮቱ አዞረ። እውነተኛዋ ኩባያ፣ ጠርዟ ሰማያዊ፣ በአፏ ተደፍታ፣ ታየች። ሳቁ ስልኩን ሊያፈነዳው ደረሰ።

ከሩብ ሰዓት በኋላ የፈትያ ስልክ ጮኸ። በዳሳ ነው፤ ፈትያዬ አላለም። «ምስጢር ማውጣትሽን ሁላችንም አይተናል። ወረቀቱ አያስፈልግም። ዕቃሽን ነገ ከጥበቃው ትወስጃለሽ» የሚል መልእክት ነበር። ከሮሃ ደግሞ አንድ መስመር፤ «ለምን?» ብቻ። ፈትያ መልስ መጻፍ ጀምራ አጠፋችው። ሃይደር ላይቩን ዘግቶ፣ ፊቱ እየበራ፣ አራት ሺህ ሦስት መቶ ሰው እንደገባ ይናገራል። ሥራሽ አሥር ሺህ ብሬን የበላ ሥራ ነው፣ ይቅርብሽ አላት። ነገ ደግሞ እማ ኩባያዋን ይዛ ብትቀርብ ሌላ ጉድ ነው፣ ታሪኩን እሷው ትንገራቸው።

ሐሚዳ ይህን ሁሉ ቁጭ ብላ ሰማች። ከዚያ ፈትያን ሰዎቹ በምን እንደሚስቁ ጠየቀቻት። ፈትያ ሌላ ነገር ልትላት ፈልጋ ነበር፤ ግን «በኩባያው ነው፣ እማ» አለች።

ሐሚዳ ተነሥታ ወደ መስኮቱ ሄደች። ኩባያውን አነሣችው። ለማጠብ አልነበረም፤ ታጥቧል። በሻሽዋ ጠቅልላ መኝታ ቤት ገባች፣ የቁም ሳጥኑ በር ሲከፈትና ሲዘጋ ተሰማ። ተመልሳ ስትመጣ ዓይኗ ደረቅ ነበር። «ለአባታችሁ አርብ ሰደቃ ይወጣል» አለች። «ለጎረቤቱ ንገሪልኝ፣ ፈትያ።» ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ሰፈሩ ተሰብስቦ ያላስባላትን ቃል፣ የማታውቀው ሰው ሳቅ በአንድ ምሽት አስባላት። ፈትያ ያኔ ነው ያለቀሰችው። ስለ ሥራዋ አይደለም፤ ስለ ሥራዋ የምታለቅስበት ቀን ነገ ነበር። ሃይደር ግን ዓይኑን እጁ ላይ ወደሚርገበገበው ስልክ መለሰ።

ሻዩ ፈላ። ሐሚዳ ትሪውን ይዛ መጣች፤ አንድ ለራሷ፣ አንድ ለፈትያ፣ ቴምሩ መሃል ላይ። ሃይደር ኮሜንት እያነበበ እጁን ሳያይ ወደ ትሪው ሰደደ፣ ሦስተኛ ኩባያ አጣ። ቀና ሲል እናቱ መስኮቱ ጋ ቆማለች። የእሱን ነጭ ኩባያ፣ በየቀኑ የሚጠጣበትን፣ ታጥቦ የደረቀውን፣ የአባቱ ኩባያ በነበረበት ቦታ በአፉ ደፍታ አስቀመጠችው። አቧራ እንዳይገባበት ጠጋ አድርጋ፣ በጥንቃቄ፣ የመንገደኛ ኩባያ እንደሚቀመጥ። ሶፋው ላይ ተቀምጦ ሳለ። ምን ማድረግሽ ነው እማ፣ ኩባያዬን ስጪኝ እንጂ፣ እዚሁ ነኝ እኮ አላት።

ሐሚዳ ከፈትያ አጠገብ ተቀምጣ ሻይዋን አነሣች።

«ስትመጣ አነሣልሃለሁ» አለችው።